ውሃ የሚያሳልፍ ቅባት

…እና ክሬሙ አልተለያየም፣ ብርጭቆው ውስጥ አድሮ ዘይቱ ከላይ አልተንሳፈፈም፣ ውሃው ከታች አልጠለለም፣ ነጭ፣ ልስልስ ያለ አንድ ነገር። ቆይ ማሂራ፣ አልኩ ለራሴ፣ አትቸኩይ፣ በጠብታ ሞክሪው። ሲኒ ውስጥ ውሃ፣ በማንኪያ ጫፍ ትንሽ ክሬም፣ ያለፈው የሠራሁት ድቡልቡል ብሎ ተንሳፍፎ ነበር፣ ይሄኛው ሟሟ፣ ውሃው ነጣ፣ እንግዲያው ዘይቱ ነው ውሃው ውስጥ የተበተነው፣ እንደ ወተት፣ ያለፈው ውሃው ዘይት ውስጥ ተይዞ ነበር፣ እንደ ቅቤ። ከአንድ ላም ይወጣሉ፣ ባሕርያቸው ለየቅል።

ቅቤ መሳዩ ክሬም መጥፎ አልነበረም፣ እውነቱን እንናገር። የባሌ እናት፣ ለጢፋ፣ እሸት ቡና ማጠቢያ ውስጥ ይሠራሉ፣ እጃቸው ውሃ ውስጥ ይውላል፣ ጣታቸው ተሰነጣጥቆ ይደማል፣ ወፍራሙን ቀባኋቸው፣ ቁስሉ መጠገግ ጀመረ፣ ደስ አለኝ። ከዚያ ለዙህር ሶላት ውዱእ ሊያደርጉ፣ ሊታጠቡ፣ ቧንቧው ሥር ጎንበስ ሲሉ ውሃው በእጃቸው ላይ ዶቃ ዶቃ እየሠራ ተንከባለለ። ይሄ ምንድን ነው ማሂራ አሉ፣ ክሬሙ ነው ሀርሜ፣ እናቴ፣ ውሃው እኮ ሳይነካኝ ሄደ፣ ቆዳ ያልነካ ውሃ ውዱእ አይሆንም፣ ከጥፍር ቀለም በምን ተሻለ፣ ሶላቴን ልታስበዪኝ ነው እንዴ። በሳሙና ፈገፈጉት፣ ስንጥቁ ተከፈተ፣ ደማ። አልተከራከርኩም፣ ዶቃውን በዓይኔ አይቻለሁ። ጎረቤቴ ፈሂማ ደግሞ፣ አታካብጂ ባክሽ፣ ቫዝሊን ግዢላቸውና ተገላገይ። ቫዝሊን! ውሃ በማገድ እሱን ማን ይችለዋል፣ አንቺ ሴትዮ።

ወተት መሳዩ ቀላሉም ጉድለት አለው፣ በውሃ ይለቃል፣ ማጠቢያው ላይ አይቆይላቸውም፣ ከእያንዳንዱ ሶላት በኋላ እንደገና መቀባት ነው። ግን ሳሙና አይፈልግም፣ ፍግፈጋ የለም፣ ስንጥቁን ሲከፍት የከረመው ፍግፈጋው ነው። እሺ ካሉ ይድናሉ። እሺ ካሉ።

የባጃጅ ድምፅ፣ እሳቸው ናቸው። ደግሞ ምን ልትቀቢኝ ነው፣ ይሞክሩት ሀርሜ፣ ከዐስር ሶላት በፊት ይዩት፣ አንድ እጅ ብቻ ሰጡኝ፣ ሌላውን ሻርፓቸው ውስጥ ሸሸጉ፣ ይሄ እንኳ ይትረፍልኝ አሉ፣ ሳቄን ዋጥኩ። ቀባሁ። ቧንቧው ተከፈተ፣ ውሃው ጣታቸው ላይ ተንጣለለ፣ ዶቃ የለም፣ ወደ ስንጥቁ ገባ፣ ክሬሙ ነጣ ብሎ ወረደ። እጃቸውን ወደ ብርሃኑ አነሱ፣ አገላበጡ። ውዱኡን ጨርሰው ለሶላት ገቡ። እኔ በሩ ላይ ነኝ፣ መቼም ሶላት ላይ ያለ ሰው አይጠየቅም፣ እጠብቃለሁ።

አሰላመቱ፣ ሶላቱ አለቀ። ከምንጣፉ ሳይነሱ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

ነይ እንጂ፣ ምን ቆመሻል፣ ማሎ፣ እባክሽ፣ ሁለቱንም።