የተረፈ ክኒን

«ልቡ ነው። እንደተኛ ቀረ» አሉ ወይዘሮ አልጋነሽ፣ ዛሬም እንደ ትናንቱ። ጠያቂዋ ከንፈሯን መጠጥ አድርጋ ድንኳኑ ውስጥ ቦታ ፈልጋ ተቀመጠች። የልጃቸው የማቲዎስ ሠልስት ነበር። የእሪ በከንቱ ሰፈር ሰው ለቅሶ መድረስ ያውቅበታል፤ ምን ገደለው ብሎ መጨቅጨቅ ግን ነውር ነው። ልብ የሚሉት በሽታ ዘንድሮ ሽማግሌውን ሁሉ እያለፈ ጎረምሳ ብቻ መልቀም ከጀመረ ሰነባብቷል። ይሄንንም ማንም አላነሳውም።

ወይዘሮ አልጋነሽ ያውቃሉ። ሐኪሙ ለብቻቸው ጠርቶ ነግሯቸዋል። ልጁ ትራማዶል የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ከልክ በላይ ወስዶ ነው ትንፋሹ የቆመው። ክኒኑን መጀመሪያ ቤት ያስገቡት ደግሞ እሳቸው ናቸው። ጉልበታቸውን ኦፕራሲዮን ሲሆኑ ታዞላቸው፣ ራሳቸውን ሲያዞራቸው ተዉት። ማቲዎስ ሴራሚክ ሲያነጥፍ ውሎ ወገቡን ይዞ ሲገባ፣ «እንካ፣ ለእኔስ አልሆነኝም፣ ላንተ ይሁንህ» ብለው ሰጡት። የተረፈ መድኃኒት መጣል ግፍ ነው፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው። የእሳቸው ሲያልቅ ልጁ ያለ ማዘዣ ከሚሸጡለት መግዛት ጀመረ። ይሄን ሰው ፊት ማውራት ልጄን በእጄ ገደልኩት ማለት መስሎ ታያቸው። ልቡ ነው ማለቱን መረጡ።

ከሰዓት በኋላ ኢህሳን መጣ። ከማቲዎስ ጋር አብሮ ሴራሚክ የሚያነጥፍ ጓደኛው ነው። እናቱ ወይዘሮ ፈይሩዝ ከቀብሩ ጀምሮ ከአልጋነሽ ጎን አልተለዩም፤ አሁንም እዚያው ተቀምጠዋል። ኢህሳን አልጋነሽ እግር ሥር ቁጢጥ ብሎ አንገቱን ደፋ። የሚያለቅስ መሰላቸው። ጠጋ ብለው ሲያዩት አፍንጫውን ያክካል፣ ዓይኑ ይከደናል፣ ነቃ ይልና መልሶ ያንጎላጃል። ማቲዎስም ራት ላይ እንዲህ ነበር። ደክሞት ነው እያሉ ያጎርሱት ነበር።

«እትዬ» አለ ኢህሳን ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ወዬ፣ ልጄ።»

«ወገቤ እንደሱ ነው የሚያደርገኝ። ማቲ ያቺን ክኒን ትቶ ከሆነ... ለእርስዎ ምን ይሠራል ብዬ ነው።»

ተርፏል። ትራሱ ሥር ያገኙት እሽግ ቀሚሳቸው ኪስ ውስጥ ነበር። የለመደ እጃቸው ወደ ኪሳቸው ገባ፤ ገብቶም እዚያው ቀረ።

«በቀን ስንት ትወስዳለህ?»

«ኧረ ትንሽ ነው፣ እትዬ። እማዬ እንዳትሰማ ብቻ።»

በዚህ መሀል አንዲት ለቅሶ ደራሽ ገብታ ፊታቸው ቆመች። «እኔን ይድፋኝ! ምን አግኝቶት ነው?» አለች።

ወይዘሮ አልጋነሽ አፋቸውን የሸፈኑበትን ነጠላ አወረዱ። ወደ ጎን ዞረው እሽጉን የፈይሩዝ መዳፍ ላይ አስቀመጡት።

«ፈይሩዝ፣ ስሚኝ» አሉ፣ ድንኳኑ ሁሉ እንዲሰማ አድርገው። «ልቡ አይደለም። ይሄ ነው የገደለው፤ የሰጠሁትም እኔ ነኝ። ያንቺም ልጅ አሁን ይሄንኑ ለመነኝ።»