ከሁለታችሁ አንዷ

ኑርሀያት አሳውን ከሚንጨረጨረው ዘይት እያወጣች ሳለ ስልኳ ጮኸ። እጇን በሽርጧ ጠርጋ አነሳችው። አዲስ አበባ የሚኖረው የባሏ ወንድም ሙአዊያ ነበር።

"ውጤት ወጥቷል፤ አሁን አየሁት" አላት፣ ሰላምታውን እንኳ ሳያዳርስ። "ከሁለታችሁ አንዷ አልፋለች።"

የሚቀጥለውን ለመስማት ስልኩን ጆሮዋ ላይ ስትጫነው ድምፁ ተቆራረጠ፤ ከዚያም ጭራሽ ጠፋ። ደጋግማ ብትደውልም አልገባላትም። ከነሐሴ ወዲህ፣ ግጭቱ ክልሉን ማመስ ከጀመረ ጀምሮ፣ ኢንተርኔት የለም። የሐይቅ ተፈታኝ ሁሉ የመፈተኛ ቁጥሩን ሩቅ ላለ ዘመድ ነግሮ ውጤቱን በስልክ የሚጠባበቅ ሆኗል። ስልኩም ቢሆን ሲሻው ይሠራል፣ ሲሻው ይተኛል።

ለኑርሀያት ግን የሰማችው በቃት። ያለፈችው ልጇ ሉብና ናት። ሁለተኛዋ ተፈታኝ እሷ ራሷ መሆኗን በዚያች ቅጽበት አሰበችው ማለት ይከብዳል። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ባሏ ሞቶባት አሳ እየጠበሰች የምትኖር የማታ ተማሪ ናት። ለፈተናው የተቀመጠችው አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ሰው መዝገብ ቤት ይቀጠራል ሲባል ሰምታ ነው። ማለፍ የልጆች ጉዳይ ነው ብላ ታምን ነበር።

መጥበሻውን ከከሰሉ ላይ አወረደችና የቀረውን አሳ ቆመው ለሚጠብቁት ሰዎች አደለች። ብር ሲዘረጉላት እጃቸውን መለሰች። "ዛሬ አይከፈልም። ልጄ አልፋለች፤ ብሉላት" አለቻቸው። አጠገቧ ሻይ የምትሸጠው ተሾመች ይህን ስትሰማ በራዷን አስቀምጣ እልል አለች። ተሾመች ልጆቿን ክርስትና ስታስነሳ ኑርሀያት ወጥ የሠራችላት፣ ኑርሀያት ሐዘን ስትቀመጥ ደግሞ ተሾመች ደጃፏን ያልለቀቀች ጎረቤት ናት። "እኔ ምድጃውን እጠብቅልሻለሁ፤ ሂጂ ንገሪያት" አለቻት።

ከሐይቁ ዳር ወደ ቤቷ የሚወስደውን ዳገት ስትወጣ ባሏን አሰበች። ዘይኑልአቢዲን ከአሥረኛ ክፍል ነው ያገባት። ኒካሁ ሲታሰር አባቷ "ትምህርቷን ትቀጥል" ብለው ቃል አስገብተውት ነበር። ቃሉን የረሳ ሰው አልነበረም፤ ሉብና ተወለደች፣ ኑሮው ጠና፣ ዛሬ ነገ ሲባባሉ ዓመታት ነጎዱ። በሁለት ሺህ አሥራ አራት ጥቅምት ጦርነቱ ከውጫሌ በኩል ወደ ሐይቅ ሲገፋ እሷንና ልጆቹን ወደ ደብረ ብርሃን በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ አሳፈራቸውና እሱ አምባሰል ያሉትን አሮጊት እናቱን ሊያወጣ ተመለሰ። ሁለቱም አልወጡም። ከባድ መሣሪያ ቤቱ ላይ ወድቆ ነበር። የመንደሩ ሰው እርሻ ዳር ቀበራቸው፤ ኑርሀያት የባሏን መቃብር ያየችው ሣር ከበቀለበት በኋላ ነው።

ወደ ሐይቅ ስትመለስ ቤቷ በርም ሆነ ድስት አልነበረውም። ከአሳ አጥማጆች በዱቤ እየወሰደች መጥበስ ጀመረች። ከዚያ አንድ ቀን፣ ሐዘኗ ሳይወጣላት፣ የማታ ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ሄዳ ተመዘገበች። ለምን እንደሆነ የጠየቃት ሰው ሁሉ የመዝገብ ቤቱን ሥራ ነገረችው። የኒካሁን ቃል ለማንም አላወራችም።

ሉብና ግቢ ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የአሳ ቅርፊት ትፍቅ ነበር። ለማታው ገበያ ነው። ታናሿ ዘሀራ ውሃ ታፈስላታለች። ኑርሀያት ቁና ቁና እየተነፈሰች የሰማችውን ነገረቻት።

ሉብና ቢላዋውን እንደያዘች ቀረች። "ማን እንዳለፈች ነግሮሻል?"

"ማን ትሆናለች ታዲያ?"

ያን ጊዜ ልጅቷ ሳቀች። አባቷ ከሞተ ወዲህ ኑርሀያት እንዲህ ስትስቅ አይታት አታውቅም። ዘሀራ ጆጉን ጥላ ጨፈረች፤ ጎረቤቶች በአጥሩ በኩል እየገቡ ሉብናን ሳሟት። አንዷ ምን ልታጠኚ ነው ብትላት፣ ሉብና አካውንቲንግ ብላ መለሰች፤ ባንክ ቤት ገብታ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሳ፣ እጇ ሳሙና ሳሙና እየሸተተ እንደምትሠራ አወራች። እጇን እያሳየች ነበር የምታወራው፤ ቅርፊቱ እስከ ክርኗ ተለጣጥፎ ያብለጨልጫል።

ስልኩ እንደገና የጮኸው በዚህ መሐል ነው። ሁሉም ይስማ ብላ ኑርሀያት ድምፁን ከፈተችው።

"መስመሩ ተበላሽቶብኝ ነው" አለ ሙአዊያ። "እንኳን ደስ አለሽ እቴ። ከአንቺ ይህን ያህል አልጠበቅሁም ነበር፤ ከግማሽ በላይ ነው ያመጣሽው። ሉብናን አብሽሪ በያት። ትንሽ ቀረት አለባት፤ ለሪሚዲያሉ፣ ለማካካሻ ትምህርቱም አልደረሰላትም። ዓለም አልጠፋ፣ በያት።"

ሉብና ተነስታ እጇን ታጠበች፤ ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጠበች። ከዚያ እናቷን ጉንጯን ሳመቻትና "እንኳን ደስ አለሽ እማ" አለቻት። ተመልሳ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠችና የቀሩትን አሳዎች እስከ መጨረሻው ፋቀቻቸው። ጎረቤቶቹ እልል ይበሉ ወይስ ያልቅሱ ግራ ገብቷቸው አንድ በአንድ ወጡ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ኑርሀያት እንቅልፍ አጣች። ያልተገለጠላት ነገር ኖሮ አይደለም፤ ታውቀው የነበረውን ማየት ስላለባት ነው። የአሳ ገበያ የሚደራው ሲመሽ ነው። እሷ ደብተሯን ይዛ ወደ ክፍል ስትሄድ መጥበሻው ላይ የምትቆመው ሉብና ነበረች። ሁለት ዓመት ሙሉ። ልጅቷ መጽሐፏን ከሚጥሚጣው ዕቃ ጋር አስደግፋ፣ እናቷ ትታላት በምትሄደው ስልክ መብራት፣ ዘይቱ ገጹ ላይ እየተረጨ ታነብ ነበር። ጠዋት ክፍል ስትገባ አንዳንድ ልጆች ከአጠገቧ ተነስተው ሌላ ወንበር ላይ እንደሚቀመጡ ዘሀራ አንድ ጊዜ ተናግራ ነበር። ኑርሀያት ያን ዕለት ለሉብና ሽቶ ገዛችላት፤ ማታ ግን ደብተሯን ይዛ ወጣች።

ሐምሌ ላይ ደሴ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ለፈተና ሲገቡ እናትና ልጅ አንድ ክፍል ደርሷቸው ነበር። ሉብና በተደራራቢው አልጋ ከላይ፣ እሷ ከታች። በር ላይ ያለችው ፈታሽ ኑርሀያትን ልጅ ልታደርስ የመጣች መስላት ልትመልሳት ስትል ሉብና ናት "እሷም ተፈታኝ ናት" ያለቻት፣ በኩራት። በክፍሉ ያሉት ልጃገረዶች እማ ኑሪ እያሉ ታሪክ ያስጠኗት ነበር፤ ቆይቶ አስጠኚዋ እሷ ሆነች። በሕይወቷ እነዚያን ቀናት ያህል የተደሰተችበት ጊዜ ጥቂት ነው።

የማታው መምህሯ አስረስ ቤቷ ድረስ መጣ። ወጣት ነው፤ ሴቶችንም ወንዶችንም ተማሪዎቹን አንቱ ይላል። ከማታ ክፍሉ ያለፈችው እሷ ብቻ እንደሆነች፣ ዩኒቨርሲቲ እንደምትመደብም ነገራት። ኢንተርኔት ስለሌለ ምርጫዎችን በወረቀት ሰብስቦ ደሴ ወስዶ ያስገባል። ኑርሀያት አስብበታለሁ አለችው። በልቧ ግን ወስና ነበር፤ ትቀራለች። አስረስ ሲወጣ ለሉብና እንደገና መፈተን እንደምትችል ሊነግራት ሞከረ። ሉብና በትህትና አመስግና ሸኘችው።

ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት ሉብና የሳጥኑን ቁልፍ ጠየቀቻት።

"ምን ልታወጪ ነው?"

"የስምንተኛ ክፍል ካርዴን።"

ኑርሀያት ቁልፉን ከአንገቷ ሳትፈታ ጠበቀች። ሉብና ወደ ሳዑዲ ለሚሄዱ ሴቶች ምዝገባ እንዳለ፣ ስምንተኛ የጨረሰች ብቻ እንደሚጠይቁ፣ ፓስፖርቱና ሥልጠናው እስኪያልቅ አዲስ አበባ አጎቷ ጋ እንደምትቆይ ነገረቻት። ከሙአዊያ ጋር ተነጋግረው ጨርሰዋል። ኑርሀያት ከዚያ ወዲያ ያለችውን ሁሉ ራሷም በደንብ አላስታወሰችውም። ለምናለች፣ ተቆጥታለች፣ ከዓረብ አገር በሬሳ ሳጥን የመጣችውን የሰፈራቸውን ልጅ ስም ጠርታለች። ሉብና ሰማቻት፤ ቁልፉን ግን እጇን ዘርግታ ጠበቀች። በመጨረሻ ተሰጣት።

የመሄጃዋ ዋዜማ ሉብና እንደ ሁልጊዜው ወደ ሐይቁ ዳር ወረደች። ኑርሀያት መግሪብ ሰግዳ ተከተለቻት። ጎን ለጎን ቆሙ፤ አንዷ ሚጥሚጣና ዱቄት ትቀባለች፣ ሌላዋ ትጠብሳለች። ሰው ፋታ ሲሰጣቸው ኑርሀያት ያሰበችውን ተናገረች።

"እኔ አልሄድም። አንቺ እንደገና ተፈተኚ። ማታ ማታ እኔ እዚህ እቆማለሁ፤ አንቺ ቤት ተቀምጠሽ ታጠኛለሽ።"

ሉብና አሳውን ገለበጠችው። "አንቺ ከቀረሽ እኔ ሁለት ዓመት እዚህ የቆምኩት ለምን ነበር?"

ሻይ የምታፈላው ተሾመች እንዳልሰማች ሆና ፊቷን አዞረች።

"ውቀሺኝ" አለች ኑርሀያት። "አንድ ቀን እንኳ ውቀሺኝ፣ ልጄ።"

"በምን ልውቀስሽ? ደሴ ሳለን ከላይኛው አልጋ ሆኜ አይሽ ነበር። ስታነቢ ፊትሽ ይበራል። እኔ መጽሐፍ ስይዝ እንደዚያ ሆኜ አላውቅም። ያነበብኩት ለአባባ ብዬ ነው።"

"ባንክ ቤቱስ?"

"የልጅ ወሬ ነው" አለች ሉብና። ዓይኗን ከዘይቱ አላነሳችም።

እውነቷን ይሁን፣ ወይስ እናቷን ለማሳረፍ ያለችው፣ ኑርሀያት ያኔም አላወቀችም፤ ከዚያም በኋላ አላወቀችም። ማንንም ልትጠይቅ አትችልም ነበር። ሉብና የመጨረሻውን አሳ አውጥታ በጋዜጣ ጠቀለለችና ለዘሀራ ብላ ለእናቷ ሰጠቻት።

በማግስቱ መንገዱ ተከፍቷል ተብሎ ሚኒባሶች ወደ ደሴ ይጭኑ ነበር። ሉብና ትንሽ ቦርሳ ብቻ ይዛ መስኮት ጋ ተቀመጠች። ዘሀራ አለቀሰች፤ ሉብና በመስኮቱ እጇን አውጥታ ሻሿን አስተካከለችላት። ረዳቱ በሩን ሊዘጋ ሲል ወደ እናቷ ዞረች።

"ምርጫውን አስገባሽ?"

ኑርሀያት አላስገባችም። ወረቀቱን ለመውሰድም አልሄደችም። ልትዋሽ አፏን ከፈተችና ልጇን ስታያት አቃታት።

"አላስገባሁም" አለች።

ሉብና መኪናው እስኪንቀሳቀስ ድረስ አየቻት።

ሚኒባሱ ወደ ደሴ የሚወስደውን መታጠፊያ አልፎ ሲጠፋ ኑርሀያት ዘሀራን ተሾመች ጋ ትታ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደች። አስረስ ቢሮው ውስጥ ወረቀቶቹን በፖስታ እያደረገ ነበር። ሊወጣ ነው። ስታንኳኳ ቀና ብሎ አያትና ዓይኗ ማበጡን ሲያይ ሳይጠይቅ ወንበር ሳበላት።

"የመጀመሪያ ምርጫ?" አለ።

"ደሴ። መምህርነት፣ ታሪክ።"

"ሁለተኛ?"

"ሁለተኛ የለኝም። ትንሿን ልጅ ትቼ ከደሴ አላልፍም።"

አስረስ ጻፈ። ስሟን፣ የትውልድ ቦታዋን፣ የመፈተኛ ቁጥሯን ሞላ። ከዚያ አንድ መስመር ላይ ሲደርስ ቆመ።

"ይኸኛው የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ስም ነው የሚለው። ለልጆች ተብሎ ነው፤ ልዝለለው?"

ኑርሀያት ወረቀቱን ትንሽ አየችው።

"አይዝለሉት" አለች። "ሉብና ዘይኑልአቢዲን ብለው ይጻፉልኝ።"

አስረስ አላረማትም። ስሙን በጥንቃቄ ጻፈና ዝቅ ባለ ድምፅ የሉብናን ስልክ ቁጥር ጠየቃት።

"ገና የላትም" አለች ኑርሀያት። "ቦታውን ክፍት ይተዉልኝ። ደርሳ ስትደውል መጥቼ እነግርዎታለሁ።"