በእግር ሦስት ሰዓት

ብሮሸሩን መጀመሪያ ያየሁት ደባርቅ መናኸሪያ አጠገብ፣ ሻይ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። «ከደባርቅ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ የሚጎበኙ ቦታዎች» ይላል። መንደራችንን፣ ቀጨሞ አፋፍን፣ ፍለጋ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። የለችም። ገልብጬ ሳየው ጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል «ለደርሶ መልስ የማይመች» የሚል አርእስት አለ። ከሥሩ አንድ ቦታ ብቻ ተጽፏል፦ «ቀጨሞ አፋፍ ፏፏቴ፣ በእግር ሦስት ሰዓት»።

ሦስት ሰዓት! ሻዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ። ከቤቴ በር እስከ ፏፏቴው ሃያ ደቂቃ ነው፤ ያውም እያወሩ፣ እየቆሙ፣ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ገደሉ ጫፍ ላይ ሣር ሲነጩ እያዩ።

እንዲህ የተናደድኩት በከንቱ አይደለም። ዘቢደር እባላለሁ፤ ዘጠኝ ዓመት ደባርቅ ሆቴል ውስጥ ምግብ አብስያለሁ። ጓዳ ሆኜ የስንቱን እንግዳ ሳቅ ሰማሁ፤ የአንዱንም ፊት ግን አላየሁም። ባለፈው ዓመት ሥራዬን ለቅቄ ወደ ተወለድኩበት መንደር ተመለስኩና ለእግረኛ ምሳ የማቀርብበት ቤት ሠራሁ፤ በረንዳው ቁልቁል የአዲ አርቃይን ቆላ የሚያይ። ዘመዶቼ አበደች አሉ። ይበሉ። እንግዳ የሚመጣው ግን በዚያ ወረቀት ነው፤ አስጎብኚዎቹ ሁሉ እሱን ይዘው ነው የሚንቀሳቀሱት። ወረቀቱ «አይመችም» ካለ ቤቴ አለቀለት፣ እኔም ተመልሼ ጓዳ ልገባ ነው። ያንን ጓዳ ደግሞ ዳግመኛ ላልረግጠው ምዬ ነው የወጣሁት።

ይህን ሦስት ሰዓት ማን አመጣው? ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ላይ ትዝ አለኝ። ክረምቱ እንደወጣ ቴዎፍሎስ የሚባል ወጣት ብሮሸር ላዘጋጅ ብሎ ደባርቅ ካለው የቱሪዝም መሥሪያ ቤት መጥቶ ነበር። አዲስ ነጭ ጫማ አድርጓል፤ መሬቱ ገና ጭቃ ነው። በረንዳዬ ላይ ከየኔታ ሀብተ ሚካኤል፣ ከመንደሩ የቄስ ትምህርት ቤት መምህር፣ ጎን ተቀመጠና «አባቴ፣ ፏፏቴው በስንት ሰዓት ይደረሳል?» አላቸው።

«በሦስት ሰዓት ነው እንጂ ልጄ፤ ከዚያ ወዲያማ ምን አለው!» አሉት።

ጻፈ፤ አመስግኖ፣ ጫማውን ጠርጎ ሄደ። እኔም እዚያው ድንች እየላጥኩ ሰምቻለሁ፤ ምንም አልመሰለኝም። የኔታ ያሉት ልክ ነበራ!

እኛ ዘንድ ፏፏቴው ምን ያህል እንደሚርቅ የሚጠይቅ ሰው የለም። ቅርብ ነዋ። የሚጠየቀው መቼ እንደሚኬድ ነው። ጠዋት በሦስት ሰዓት ፀሐይ ከጋራው በላይ ብቅ ስትል ውሃው ላይ ቀስተ ደመና ይወጣል፤ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይቆይ ይጠፋል። የኔታ የነገሩት የቀኑን ሰዓት ነው፤ እሱ የጻፈው የመንገዱን።

ለየኔታ ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ። «እንግዲያው መንደሩን የጎዳሁት እኔ ነኛ» አሉ።

«እርስዎ ምንም አላጠፉም። ያጠፋው ሳይሄድ የጻፈው ነው።»

ሰኞ ጠዋት ቴዎፍሎስ ቢሮ ገባሁ። ትሕትናውስ ሸጋ ነው። «እትዬ ዘቢደር፣ ብሮሸሩ እኮ ታትሟል። ኮሜንትዎን በጽሑፍ ያስገቡና በሚቀጥለው በጀት ዓመት እናየዋለን» አለኝ።

«ያልሄዱበትን መንገድ እንዴት ይጽፋሉ?»

«መረጃው ከአዛውንት ነው የተወሰደው።»

«እንግዲያው ይምጡና ከአዛውንቱ ጋር ይሂዱበት።»

«ፕሮግራሜ ሙሉ ነው።»

«እስኪጎድል እጠብቃለሁ» ብዬ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ማክሰኞም ተቀመጥኩ። ለገባ ለወጣው ሁሉ ብሮሸሩን እያሳየሁ፣ ድምፄን ሳልቀንስ፣ «ይቺ ሃያ ደቂቃ ናት» እላለሁ። ረቡዕ ከሰዓት ቴዎፍሎስ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ «ነገ እመጣለሁ፤ በቃ፣ ነገ እመጣለሁ» አለ።

መጣም። ከቤቴ በር ስንነሣ የኔታ መቋሚያቸውን ይዘው ከፊት ቀደሙ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። አቀበቷ ላይ ሲደርሱ ዘወር አሉና «ልጄ፣ ሦስት ሰዓት የምታስኬደኝ ከሆነ ስንቅ ይዤ ልምጣ እንዴ?» አሉት። እሱ ቁና ቁና ይተነፍሳል፤ እኔ ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

ደረስን። ስልኩን አውጥቶ አየ፤ አሥራ ስምንት ደቂቃ። ውሃው ገና ጥላ ውስጥ ነበር። ጥቂት እንደቆየን ፀሐይዋ ጋራውን አለፈች፤ ከገደሉ ወገብ እስከ ድንጋዮቹ ድረስ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ተዘረጋ። ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ዛሬም እንደ አዲስ አስደነቀኝ።

«ይኸውልህ የማርያም መቀነት» አሉ የኔታ። «ስንት ሰዓት ነው?»

«ዘጠ...» አለ ስልኩ ላይ አፍጥጦ። የስልኩ አቆጣጠር የፈረንጅ ነው። ከዚያ ፊቱ ቀላ። «ሦስት ሰዓት ነው፣ አባቴ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«እግዚአብሔር ይፍታ።»

እዚያ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። እሱ ግን ጉሮሮውን ጠረገና «ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ሁለት ሺህ ኮፒ ታትሟል። እንደገና ማሳተም የሚቻል አይደለም» አለ።

ደሜ ፈላ። ብሮሸሩን ከመቀነቴ፣ እስክሪብቶውን ከራሱ ኪስ መዥረጥ አድርጌ አወጣሁ። ድንጋይ ላይ ዘርግቼ «በእግር» የምትለዋን ቃል ሰረዝኩና ከላይዋ «ጠዋት» ብዬ ጻፍኩ። «የማይመች» የሚለውንም «የሚመች» አደረግኩት። ሰጠሁት።

«ለደርሶ መልስ የሚመች» ብሎ አነበበ። «ቀጨሞ አፋፍ ፏፏቴ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት።» ከዚያ «እትዬ፣ ይሄ እኮ የመንግሥት ሰነድ ነው። መሰረዝ አይቻልም» አለ።

«ተሰረዘ። የቀሩት የት ናቸው?»

«ቢሮ፣ ካርቶን ውስጥ። ሁለት ሺህ ነው ያልኩዎት!»

«ዘጠኝ ዓመት ሽንኩርት የከተፍኩ ሴት ነኝ፤ ሁለት ሺህ ያስፈራኛል? ነገ በጠዋት በርዎ ላይ ነኝ። ከከለከሉኝ በየሻይ ቤቱ እየዞርኩ እሰርዘዋለሁ።»

ወደ ውሃው ዞረ፤ ቀስተ ደመናው መሳሳት ጀምሯል። «በሩ በሁለት ሰዓት ተኩል ይከፈታል» አለ ቀስ ብሎ፤ ወዲያው ጨነቀውና «ጠዋት» ብሎ ጨመረ።

የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። «እኔም እመጣለሁ። የእጅ ጽሕፈትሽ አያምርም፣ ዘቢደር» አሉ። «አንቺ ሰርዢ፤ ጠዋት የምትለዋን እኔ እጽፋታለሁ። ያልኩትም እሷን ነበር።»