ለተኩስ የሚሆን ጓንት

ደጅይጥኑ ጅቡን የሳተው በታኅሣሥ ወር፣ ውርጭ በወረደበት አንድ ማለዳ ነው።

ከአምደወርቅ በላይ፣ የደሃና ደጋ ወደ ገደል በሚቆረጥበት አፋፍ ላይ ከተበታተኑት ጥቂት ቤቶች መካከል ጠመንጃ አነጣጥሮ የሚተኩስ ሰው የቀረው እሱ ብቻ ነበር። ወጣቶቹ ገሚሶቹ አዲስ አበባ ገብተዋል፤ ገሚሶቹ ባሕር ተሻግረው ሳዑዲ ናቸው። የእሱም ልጅ መልአኩ ከተሻገሩት አንዱ ነው። ስለዚህ ጅቡ ከሸለቆው እየወጣ በረት መስበር ሲጀምር፣ ጎረቤቱ ሁሉ ወደ ደጅይጥኑ ደጅ መጣ። ሚስቱ እታለም ከሞተች ወዲህ ያን ያህል ሰው ደጁን ረግጦት አያውቅም።

ያን ማለዳ ጎረቤቱ ተዋበች ውኃ ልትቀዳ አህያዋን ከበረት አስወጣችና ጀሪካኖቹን ልታመጣ ወደ ቤት ተመለሰች። ጅቡም የጠበቀው ይህንኑ ነበር። ከካቡ ሥር ብድግ ብሎ አህያዋን ከኋላዋ ያዛት።

ደጅይጥኑ ከአፋፉ ላይ፣ ድንጋይ ተከልሎ፣ ሁሉንም ያያል። ምንሽሩን ካቀባበለ ቆይቷል። አፈሙዙ የጅቡ ትከሻ ላይ ቀጥ ብሏል። ርቀቱ ለእሱ ምንም ማለት አይደለም፤ በደኅናው ቀን ከዚያ እጅግ ርቃ የቆመች ቆቅ ይጥላል። ጣቱ ግን አልታዘዘውም። እዚያው እጁ ላይ እያየው፣ የሌላ ሰው ጣት ሆነበት። ምላጩን ይንካ፣ ምላጩን የከበበውን ብረት ይንካ አይታወቀውም። ሳበ፤ ምንም የለም። ጠንከር አድርጎ ሊስብ ሲል ጠመንጃው ሳያስበው ጮኸ። ጥይቱ ካቡን መትቶ ድንጋይ ፈነጠቀ። ጅቡ ቀና ብሎ ወደ ላይ አየ፤ አህያዋን ለቀቀና፣ አንዳች እንደማያስቸኩለው እየተንጎራደደ ወደ ሸለቆው ወረደ።

አህያዋ አልተረፈችም። ደጅይጥኑ ሲደርስ ተዋበች አጠገቧ ተቀምጣ፣ አንገቷን እየደባበሰች በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ ታናግራት ነበር። ከነጠመንጃው መጥቶ አጠገቧ ቆመ።

«አያ ደጅይጥኑ» አለችው፣ ቀና ሳትል። «እጅዎ ደንዝዞ ነው። የእርስዎ ጥፋት አይደለም።»

ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

እጁ ለምን እንደሚደነዝዝ ያውቃል። ድሮ፣ ሌሊት ተነስቶ ማሳ ሊጠብቅ ሲወጣ፣ እታለም ቀድማው ትነሣለች። እሳቱን ትቆሰቁሳለች፤ ከረመጡ ውስጥ ልሙጥ ድንጋይ አውጥታ በጨርቅ ትጠቀልልና ኪሱ ውስጥ ትከትለታለች። ያን ሁሉ ዘመን እጁ በራሱ የሚሞቅ ይመስለው ነበር። እሷ ከሄደች በኋላ እሱም ሞክሮታል። አንድ ቀን ድንጋዩ ኪሱን አቃጠለው፤ ሌላ ቀን አፋፉ ላይ ሳይደርስ ቀዘቀዘ፤ ብዙውን ቀን ደግሞ እሳቱ አዳፍኖት ባደረበት ጠፍቶ ይጠብቀዋል። ለአንድ ሰው ብሎ ማገዶ መቆለልም እየታከተው መጣ።

በገበያው ቀን ጠመንጃውን ቤቱ ቆልፎበት፣ አምደወርቅ ድረስ በእግሩ ወርዶ፣ ከዚያ በመኪና ሰቆጣ ገባ።

ሰልባጅ ተራው ውስጥ፣ ጃኬትና ሹራብ ከምራ የምትሸጥ ሰገነት የምትባል ሴት አለች። ደጅይጥኑ ሱቋ ደጃፍ ቆሞ፣ ከጥግ የተቆለለውን ጓንት እያገላበጠ ብዙ ቆየ።

«ምን ዓይነት ልስጥዎ፣ አባቴ?»

«ለተኩስ የሚሆን» አላት።

የሴትዮዋ ፊት ጨለመ። «አሁንስ ይብቃን እንጂ! በዚህ አገር ተኩስ መች ጠፍቶ ያውቃል?»

«ሰው ላይ አይደለም፣ ልጄ። ጅብ ነው።» ነገሩን ሁሉ ነገራት፤ ስለ አህያዋ፣ ስለ ውርጩ፣ ከእጁ ላይ ስለ ጠፋችው ጣት። ሳያስበው ብዙ አወራ። ወሩን ሙሉ ያወራው ሁሉ ቢጠራቀም የዚያን ያህል አይሞላም።

ሰገነት ሰምታ ስትጨርስ በርጩማ ሰጠችውና ቁልሉን ዘርግፋ አጠገቡ ተቀመጠች። መጀመሪያ ያቀበለችው ለበረዶ አገር የተሠራ፣ እንደ ትራስ ያበጠ ጓንት ነበር። እጁን ሲከት ሙቀቱ ወዲያው ተሰማው።

«ይኸው፣ አገኙ!» አለችው።

እሱ ግን በሯ ላይ የተንጠለጠለውን ጓጉንቸር አየ። የጓጉንቸሩ ቀለበት ስፋቱ ምላጩን ከሚከበው ብረት ጋር ይቀራረባል። ጣቱን ሊያስገባ ቢል ጓንቱ አላሳልፍ አለው። አወለቀው።

ሞተረኞች የሚያደርጉት የቆዳ ጓንት በቀለበቱ ውስጥ አለፈ። ደጅይጥኑ ለስንቅ ከያዘው ቆሎ አንዲት ባቄላ አውጥቶ መሬት ላይ አስቀመጠና ሊያነሣት ሞከረ። ባቄላዋ ከጣቱ እያመለጠች ተንከባለለች። «ባቄላ ያላነሣ ጣት ምላጭ አይታወቀውም» አለና ይህንንም መለሰው። ተራው ሹራብ ጓንት ባቄላዋን አነሣ፤ ግን እፍ ቢልበት ትንፋሹ እስከ ቆዳው ዘለቀ፤ የአፋፉን ነፋስ ሊከለክል አይችልም። ጣቱ የተቆረጠውንም አሳየችው።

«እንዲሞቅልኝ የምፈልገውን ጣት ትቶ ሌላውን የሚያለብስ!» አላት፤ ሁለቱም ሳቁ።

ዘዴውን ያመጣችው እሷ ናት። ከሥር፣ እጅ ላይ ልክክ የሚል፣ መዳፉ ላይ የጎማ ነጠብጣብ ያለበት ስስ ጓንት፤ ከላዩ ደግሞ ጣት የሌለው፣ ውስጡ ጠጉር የሆነ፣ ከረጢት የመሰለ ትልቅ ጓንት። «ጅቡ እስኪመጣ ድረስ እጅዎ ከረጢቱ ውስጥ ይቆያል። ሲያዩት የቀኙን ያወልቁና በስሱ ይተኩሳሉ» አለችው። ሲያወልቀው እንዳይወድቅበትም ገመድ ሰፋችለት፤ አንገቱ ላይ እንዲያንጠለጥለው።

ስሱን ጓንት ያጠለቀችለት ራሷ ናት። መዳፉን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እያንዳንዱን ጣት እየሳበች አስተካከለችው። ከእታለም ቀብር ወዲህ እጁን እንዲህ ይዞት የቆየ ሰው የለም።

«ጣትዎ ሁሉ ተሰነጣጥቋል። ቅቤ የሚቀባልዎ ሰው የለም?»

«ባለቤቴ አለች» አላት።

የለችም ሊል ነበር። ቃሉ እስከ ጥርሱ መጥቶ ተመለሰ። አንዴ አለች ካለ ደግሞ የሚያቆመው አጣ፤ «የላከችኝም እሷ ናት» ሲል ጨመረ።

የሰገነት ፊት ፈካ። ከመደርደሪያው ላይ ትንሽ፣ ቀይ፣ የሴት ጓንት አውርዳ እጁ ላይ አኖረችለት። «ይሄንን ለእሳቸው ይውሰዱላቸው። ሰገነት ላከችልዎት ይበሏቸው።»

የሚመልስበት ምክንያት አጣ። አመስግኖ ደረቱ ውስጥ ከተተው።

መኪናው ሽቅብ ሲወጣ እታለም ቀይ ጓንት ብታይ የምትለውን ሲያስብ መጣ። «ይሄ ለሙሽራ እንጂ ለኔ ነው እንዴ?» ማለቷ አይቀርም። ፈገግ ማለቱን ያወቀው አጠገቡ የተቀመጠው ሰው «ደግ ወሬ ሰሙ እንዴ፣ አባባ?» ብሎ ሲጠይቀው ነው። ደጅይጥኑ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ቤቱ ደርሶ ጓንቱን እታለም ትቀመጥበት የነበረው መደብ ላይ አኖረው። ቢያኖረውም አላስቀምጥ አለው፤ ባየው ቁጥር የምትገባ ይመስለዋል። ሳይመሽ ይዞት ተዋበች ዘንድ ሄደ።

«ሰቆጣ ያለች አንዲት ሴት ለእታለም ላከችላት» አላት።

ተዋበች ጓንቱንም እሱንም አየች። «ለእታለም? ማረፏን አልሰማችም?»

«አልነገርኳትም።»

ተዋበች ጓንቱን ተቀብላ እየጠበባት እጇን አስገባችና አገላብጣ አየችው። «እጇ ትንሽ ነበረ» አለች።

«ትንሽ ነበረ» አለ ደጅይጥኑ። «አንቺ ያዥው። ውኃ ስትሸከሚ እጅሽ ይበርዳል።»

ደጅይጥኑ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ጅቡ ቶሎ አልተመለሰም። ደጅይጥኑ በየማለዳው አፋፉ ላይ በደረቱ ተኝቶ ጠበቀው። ሣሩ ላይ አመዳይ ይነጣል፤ ጢሙ ትንፋሹን ይዞ ይደርቃል፤ ሁለቱ እጆቹ ግን ከረጢቱ ውስጥ ሞቀው ይቆያሉ። ጣቶቹን እየቆጠረ ያንቀሳቅሳቸዋል፤ ሁሉም አሉ። ሰማዩ ሲገረጣ የሸለቆው ጉም ከሥሩ እንደ ባሕር ይተኛና፣ ከዚህ ዓለም እሱና ያ የተከለለበት ድንጋይ ብቻ የተረፉ ይመስለዋል።

የመጣው ጉም ባልነበረበት ማለዳ ነው። አህያዋን በያዘበት በኩል ሳይሆን በታች በኩል፣ እንግዳው ወደሚባለው ጎረቤታቸው የበግ በረት ሲያዘግም አየው። ደጅይጥኑ የቀኙን ከረጢት በጥርሱ ስቦ ለቀቀው፤ በገመዱ ደረቱ ላይ ተንጠለጠለ። ጣቱን አስገባ። የምላጩን ጥምዝ፣ ወደ ጫፉ መሳሳቱን ሳይቀር ለየው። አልቸኮለም። ጅቡ በረቱ ሥር ቆሞ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ እስኪያነሣ ታገሠ፤ ከዚያ ቀስ አድርጎ ሳበ።

ጅቡ ባለበት ተንበረከከ፤ አልተነሣም።

እልልታው ከቤት ወደ ቤት ዞረ። እንግዳው በጎቹን እንደ አዲስ ቆጥሮ ደጅይጥኑን አቀፈው፤ ሴቶቹ ጠላ ይዘው መጡ። ጓንቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ዋለ። «እንደ ሕፃን አንገቱ ላይ አሥሮ!» እያሉ ሳቁበት፤ እሱም አብሮ ሳቀ፤ ባቄላውንና ጓጉንቸሩን እየደጋገመ አወራላቸው። ፀሐይ ጠንከር ስትል አንዱ አጨዳ አለብኝ አለ፤ አንዱ ከብቶቼ አለ፤ ጅቡን ጎትተው ገደል ሰደዱትና እየመረቁት ወደየቤታቸው ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ ደጁን የመታ የለም። ጅቡ ታየ ወይ፣ በየት አለፈ፣ ነገስ ይወጣሉ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ደጅይጥኑ ጠመንጃውን ወለወለ፤ የወለወለውን ደግሞ ወለወለ። ቀኑ ረዘመበት።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ነቃ። ልተኛ ብሎ ተገላበጠ፤ እንቢ አለው። ጋቢውን ደርቦ ባዶ እጁን ወደ አፋፉ ወጣና የለመደው ድንጋይ ሥር ተቀመጠ። ታች ሸለቆው ጸጥ ብሏል። ብርሃኑ ከተራራ ወደ ተራራ ሲወርድ አየ።

ተዋበች ጀሪካኗን በጀርባዋ አዝላ ከምንጩ ስትመለስ ከመንገዱ አየችውና ቆመች።

«አያ ደጅይጥኑ! ደግሞ ምን ይጠብቃሉ?»

ሌላ ጅብ ሊል አስቦ ተወው። «ምንም» አላት።

እሷም ጀሪካኑን አውርዳ ድንጋይ ላይ አስደገፈችና፣ የሚያግዛት ሰው የምትጠብቅ ሳትመስል፣ ወገቧን ያዘች። ደጅይጥኑ ከአፋፉ ወረደ። ጀሪካኑን አነሣ፤ ከበደው። እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ሆነው እስከ ደጇ ሄዱ።

«ይግቡ እንጂ» አለችው።

«ሌላ ቀን» አላትና ወደ ቤቱ መንገድ ጀመረ።