ባሕር ማዶ የተሠራ ክታብ

የድንበሩ ጦርነት በተነሣ ዓመት፣ ወደ ግንባር የሚዘምተው የቡሬ ሚሊሻ ሁሉ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የመሪጌታ ወልደ ገብርኤልን በር ነበር። የእሳቸው ክታብ ጥይት ይመልሳል ይባላል። አንድ ሰሞን ግን በራቸው ጭር አለ። መንግሥት ከባሕር ማዶ ጥይት የማይበሳው ሰደርያ ሊገዛ ነው፣ ሻጩ ፈረንጅም ዕቃውን ለማሳየት ቡሬ ድረስ ይመጣል ተብሎ ተወራ።

«እስኪ ይቆዩኝ መሪጌታ» አላቸው ይርሳው የሚባል ሚሊሻ፣ ያዘዘውን ክታብ ሳይወስድ። «መጀመሪያ ሰደርያውን ልየው።»

መሪጌታ ጥምጥማቸውን አሳምረው እሳቸውም ሊያዩ ወጡ። እግረ መንገዳቸውን ሰደርያውን አንዲት ጥይት ብቻ ትብሳው እያሉ ይለምናሉ።

ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ሜዳ ሰደርያውን ለባሕር ዛፍ ግንድ አልብሰውታል። ፈረንጁ ይናገራል፤ ከፍኖተ ሰላም የመጣው የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናሁሰናይ ያስተረጉማል።

«ግንድማ ድሮስ መች ይሞታል» አለ ይርሳው። «ባለ ዕቃው ራሱ ይልበሰው እንጂ።»

ሚሊሻው ሳቀ። ፈረንጁ ሲተረጎምለት ፊቱ በርበሬ መሰለ፤ ቶሎ ቶሎም ተናገረ።

«ዋስትና አለው ነው የሚለው» አለ ናሁሰናይ። «ያልሠራ እንደሆነ የለበሰው ሰው ራሱ ይዞት ይምጣ፤ ይቀየርለታል።»

መሪጌታ ፈረንጁን ትኩር ብለው አዩት።

«ለካ የሙያ ወንድሜ ነው» አሉ። «እኔም እስከ ዛሬ ሞትኩ ብሎ ክታብ የመለሰልኝ የለም።»

«እንግዲያው እርስዎም ክታብዎን አሥረው ከግንዱ ጎን ይቁሙልን» አለ ይርሳው።

«ክታብ የሚሠራው ለገዛው ነው ልጄ። እኔ ገዝቼው አላውቅም።»

ዕቃውን ሊገዙ የመጡት ሰዎች አለቃ ሻለቃ እጅጉ ወሬው ይብቃ ብሎ አስተኮሰ። ሰደርያው ያዘ። አንዲትም ጥይት ግንዱን አልነካችም። ሚሊሻው ሲያጨበጭብ መሪጌታ ቀለማቸው ደርቆ፣ ብራናቸውን አይጥ ሲበላው ታያቸው።

ነጠላቸውን ሰብስበው መንገድ ሲጀምሩ ሻለቃው ተከተላቸው። ሰደርያውን ሊለካው አጥልቆታል። ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«መሪጌታ፣ ይሄ ነገር እኮ እጅጌ የለውም።»

መሪጌታ ከላይ እስከ ታች አዩት። እውነትም እጅጌ የለውም።

«የእጅ ክታብ ቀኙም ግራውም ለየብቻ ነው የሚጻፈው ጌታዬ» አሉ። «ለአንገትዎስ እንዴት እናድርግ?»