ከወንዙ ማዶ ያለው ዲከረንስ

«ደግሞ ወዴት ነው?» አለች ፋጤ።

ዋሂዳ ከፍራሹ ተነስታ በሩ ጋ ልትደርስ ትንሽ ቀርቷት ነበር። «ውሃ ልጠጣ።»

«ውሃው አጠገብሽ ነው።»

እውነትም አጠገቧ ነበር። ተመልሳ ተቀመጠች። ጉልበቷን አቀፈች፣ ለቀቀችው፣ ሻሿን ፈትታ እንደገና አሰረችው።

ፋጤ የሟቹ ታላቅ እህት ናት። ወንድሟ አብዱልሀፊዝ ከተቀበረ ጀምሮ የሐዘን ቤቱን የያዘችው እሷ ናት፤ ለቀስተኛ የምትቀበለው፣ ጎረቤት ያመጣውን ምግብ ወደ ጓዳ የምታሳልፈው፣ ሚስቱን ዋሂዳንም የምትጠብቀው። ባሏ የሞተባት ሴት ኢዳዋ እስኪያልቅ፣ አራት ወር ከአሥር ቀን፣ ከቤቷ አትወጣም። ዋሂዳ ይህን ታውቃለች። እናቷ ስትቀመጥ አይታለች። ግን እናቷ መቀመጥ የምትችል ሴት ነበረች።

በሩ አጠገብ ሁለት የሰፈር ሴቶች ጆሮ ለጆሮ ተጠጋግተዋል።

«ወንዝ ልሂድ ብላለች አሉ።»

«ወንዝ ምን ልታደርግ?»

«ስዕሉን ልትጨርስለት።»

«ሐዘን ነው እናቴ፣ ያዞራል።»

ዋሂዳ ሰማቻቸው። አልዋሹም፤ ጠዋት ለፋጤ ብላታለች። ባሏ የጀመረው ስዕል ጓዳ ውስጥ፣ ጣውላው ላይ እንደተወጠረ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሰማዩ አልቋል። ወንዙም አልቋል ማለት ይቻላል። ከወንዙ ማዶ ያለው የዲከረንስ ዛፍ ደን ግን ገና የእርሳስ መስመር ነው። ደኑ ደግሞ ለከሰል የተተከለ ነው፤ ባለቤቱ እንየው ሊቆርጠው ነው። ከተቆረጠ በኋላ ምን አይታ ትጨርሰዋለች?

ነገሩን ሁሉ ያመጣው የደም ግፊት ነበር። ሐኪሙ አብዱልሀፊዝን በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ከሱቅህ ውጣ አለው። ዕድሜውን አዲስ ቅዳም ከተማ ጨርቅ ሲሸጥ የኖረ ሰው ከሱቁ ወጥቶ የት ይሂድ? ባሕር ዳር የምትማረው ልጃቸው አፊያ ለዕረፍት ስትመጣ የውሃ ቀለምና ወፍራም ወረቀት ይዛለት መጣች። «አባ፣ ወንዝ ዳር ቁጭ ብለህ ሳል» አለችው። ሳቁባት። በሚቀጥለው ዓርብ ግን ከጁምዓ መልስ ሱቁን ዘጋና «ዋሂ፣ ተነሺ እንሂድ» አለ።

ያስተማራቸው ስልክ ነው። ወንዙ ዳር ኔትወርክ ስለሌለ ቪዲዮውን ከከተማ ጭነው ይሄዳሉ። አስተማሪው የሚናገረውን ቋንቋ አንዳቸውም አያውቁትም፤ የሚያዩት እጁን ብቻ ነው። እሱ ብሩሹን ሲነክር ይነክራሉ፣ በጨርቅ ሲያደርቅ ያደርቃሉ። አንድ ቀን ሰውየው ቀለሙ እስኪደርቅ ሻይ መጠጣት ጀመረ። አብዱልሀፊዝ ቪዲዮውን አቆመና «ሻዩም ትምህርቱ ውስጥ አለ እንዴ?» አለ።

የአዲስ ቅዳም ብርድ ግን ወረቀት ቶሎ አያደርቅም። ዋሂዳ መጠበቅ አትችልም፤ እርጥቡ ሰማይ ላይ ኮረብታ ትደርባለች፣ ኮረብታው ሽቅብ ይፈሳል። እሷ ሦስተኛ ወረቀት ስታበላሽ እሱ ገና ሰማዩ ላይ ነው። «ቶሎ በል እንጂ» ትለዋለች። እሱ አይሰማትም። ቀለም የሚያውቀው በጨርቅ ነበር። የክረምቱን ድፍርስ ውሃ «ብዙ የታጠበ ካኪ» ብሎ በአንድ ቀን አገኘው። የዲከረንሱ አረንጓዴ ግን አስቸገረው። ከሩቅ ሲያዩት ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፤ ደመና ሲጋርደው ይጠቁራል። «እንዲህ ያለ ጣቃ ሱቄ ገብቶ አያውቅም» አለ።

ነፍስ ያለው ነገር አይስልም ነበር፣ ሰውም እንስሳም፤ ለሃይማኖቱ ሲል። ማዶ የሚያርሰው እንየው ከብቶቹን ሊያጠጣ ሲወርድ ከጀርባው ቆሞ ወረቀቱን ያያል፣ ወንዙን ያያል፣ ራሱን ይነቀንቃል።

«አብዱ፣ ከብቶቼ የታሉ?»

«ጠጥተው ሄዱ።»

«አንተ ብሩሽ ባነሳህ ቁጥር ጠጥተው ሄደዋል። ይህን ያየ ሰው፣ እንየው አንድ ጥጃ የለውም ብሎ ለልጄ ሚስት ይከለክለኛል።»

«ዲከረንስህን አሳምሬ እስልልሃለሁ። እሱን አይተው ይስጡህ።»

«እንግዲያው ፍጠን። ከሰል ነጋዴው አይቶታል፣ ደርሷል ብሎኛል።» ትንሽ አሰበና፣ «ግድ የለም፣ እስክትጨርስ አልነካውም» አለ።

ከዚያ ጥር ገባ። ጥር የሰርግ ወር ነው፤ ዓርብም ሳይቀር ሱቁ በገዢ ተጨናነቀ። አብዱልሀፊዝ ለአንዲት ሙሽራ እናት ጣቃ ሲያወርድ ወደቀ፤ በዚያው አልተነሳም።

«እማ፣ ደኑን ፎቶ አንስቼዋለሁ» አለች አፊያ ወደ ሐዘን ቤቱ እያለከለከች ገብታ። በባጃጅ ሄዳ፣ ወንዙ ዳር ቆማ፣ ደኑን በስልኳ አንስታ መመለሷ ነው።

ዋሂዳ ስልኩን ተቀበለች። አቀረበችው፣ አራቀችው። ዛፎቹ አሉ። አረንጓዴም ናቸው።

«ይሄ አይደለም።»

«እማ፣ እሱ የሚቀመጥበት ድንጋይ ላይ ቆሜ ነው ያነሳሁት።»

«ቀለሙን ነው የምልሽ። ቀለሙ ይሄ አይደለም።»

አፊያ ስልኩን መልሳ ተቀበለቻት። «ሰዎች ነበሩ» አለች በቀስታ። «መጥረቢያ የያዙ። ጋሼ እንየው ዛሬ አይሆንም ሲላቸው ነጋዴው ተቆጣ።»

ዋሂዳ ተነሳች። ፋጤ አልጠራቻትም። በጓዳው አልፋ የጓሮውን በር መወርወሪያ ያዘች። ብረቱ ቀዝቃዛ ነው። ባጃጅ መንገዱ ላይ ያልፋል፤ እጇን ብታነሳ ይቆማል።

ፋጤ ከኋላዋ መጥታ ቆመች። «ብትወጪ አልይዝሽም» አለች። «አቅሙም የለኝም። ግን ነገ ሰው የሚያወራው ስላንቺ መስሎሽ እንዳይሆን። የአብዱልሀፊዝ ሚስት ነው የሚሉት።»

ዋሂዳ መወርወሪያውን ለቀቀች።

ከሰዓት በኋላ እንየው መጣ። ከወንዶቹ ጋር ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ቆየና የሴቶቹ በር ላይ ብቅ አለ። ጋቢውን ትከሻው ላይ ሰብስቦ ደፉ ላይ ቆመ።

«እግዜር ያጥናሽ፣ እቴ ዋሂዳ።»

«አሚን። ግባ እንጂ።»

አልገባም። «ዛፉ አለ» አለ። «ሰዎቹን መልሻቸዋለሁ።»

«ሰማሁ። ምን አሉህ?»

«ምን ይላሉ፤ ሌላ ቦታ ይቆርጣሉ። ሌላ ነጋዴ ይመጣል።» መሬት መሬት አየ። «እስክትወጪ ይቆይ። አራት ወር ምን አላት።»

ዋሂዳ ገበሬ አይደለችም። ግን እዚህ ያደገ ሁሉ ያውቃል፤ ዲከረንስ በበጋ ይቆረጣል፣ በበጋ ይከሰላል፣ መሬቱም ታርሶ ለክረምት ይደርሳል። ከአራት ወር በኋላ ክረምት ነው። እንየው አንድ ዓመት ሙሉ መሬቱን ሊያስርላት ነው፤ ይህንንም ሊነግራት አልፈለገም።

«አፊያ፣ ጣውላውን አምጪልኝ።»

ስዕሉን ወደ እንየው አዞረችለት። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ብዙ አየው።

«ወንዙስ ወንዙ ነው» አለ። «የእኔው መስመር ብቻ ሆነ እንጂ።»

«መስመር ብቻ ነው።»

«ከብቶቼም እንደ ልማዳቸው የሉም።»

ፋጤ አፏን በሻሿ ሸፈነች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ስቃ ይሁን አልቅሳ አልታወቀም።

ዋሂዳ መስመሩን አየችው። አብዱልሀፊዝ የእያንዳንዱን ዛፍ አናት ለብቻ፣ ሳይቸኩል በእርሳስ ዞሮታል። እሷ ብሩሽ ብታነሳ ቀለሙን በአንድ እስትንፋስ ታለብሰውና ትገላገል ነበር። አረንጓዴውም የፎቶው ይሆን ነበር።

«ቁረጠው፣ እንየው» አለች።

«እቴ፣ እኔ እኮ ለቃሌ…»

«ቃልህን ጠብቀሃል። ነገ ጥራቸው።»

ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ራሱን ነቀነቀና ጋቢውን አስተካክሎ ወጣ።

የወረቀቱ አራት ጎን ጣውላው ላይ በፕላስተር ተጣብቋል። አብዱልሀፊዝ ፕላስተሩን የሚያነሳው ስዕሉ ሲያልቅ ብቻ ነበር። ዋሂዳ ጣውላውን ጉልበቷ ላይ አስተኛች። አንዱን ጫፍ በጥፍሯ ፈለቀቀችና ወረቀቱ እንዳይቀደድ፣ ቀስ ብላ መላጥ ጀመረች። ጣውላው ሲንሸራተት ፋጤ መጥታ በወዲያ በኩል ያዘችላት። አዲስ ለቀስተኞች ገቡ፣ ዱዓ አደረጉ፣ ወጡ። ዋሂዳ ገና ሁለተኛው ጎን ላይ ነበረች።