የተገለበጠው በረዶ

ዴስ እባላለሁ። አውስትራሊያ ውስጥ፣ ሆባርት ወደብ አጠገብ ባለው የበረዶ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ ከአንታርክቲካ በመርከብ የሚመጣልንን በረዶ መረከብ፣ መደርደርና እንዳይሟሟ መጠበቅ ነው። ሳይንሱ የሌሎች ነው፤ ቁልፉ ግን እኔ ዘንድ ነው። በረዶው በመሰርሰሪያ ከጥልቅ ተስቦ የወጣ፣ እንደ ሰው ጭን የወፈረ ዘንግ ነው። አንድ አንድ ሜትር እየተቆረጠ በሣጥን ይመጣል። የላይኛው በቅርቡ የወረደ ነው፤ ወደ ታች በሄዱ ቁጥር ዘመኑ ወደ ኋላ እየራቀ ይሄዳል።

በየበጋው አንድ ተማሪ ለልምምድ እንቀበላለን። በዚያ ዓመት ከመቶ ሠላሳ በላይ አመልክተው አንዱ ተመርጦ አልቋል።

ሜሪን ትሪፊትን ያወቅኳት ዓሣ ስትጠብስ ነው። ወደቡ ላይ ከታሰሩት ጀልባዎች አንዷ የተጠበሰ ዓሣና ድንች ትሸጣለች፤ እኔም ሐሙስ ሐሙስ ምሳዬን የምገዛው ከዚያ ነው። ልጅቷ በሳምንት አራት ቀን እዚያ ትሠራለች፤ በተረፈው ጊዜ የሥነ ምድር ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። አጭር ናት፤ ፊቷ ጠቃጠቆ የሞላበት፣ ምላሷ ከእጇ የፈጠነ።

አንድ ሐሙስ፣ ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ ብርድ ስለነበር የሥራ ጃኬቴን ሳላወልቅ ሄድኩ። ደረቴ ላይ ያለውን የመሥሪያ ቤቱን ምልክት አየችና ድንቹን መጨለፏን አቆመች።

«አንተ የበረዶ ቤት ሰው ነህ እንዴ?»

«ሃያ ሁለት ዓመቴ።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ዓሣ ስሸጥልህ አንድ ቀን እንኳ ትንፍሽ አትልም?»

«መቼ ጠየቅሽኝና? የምትጠይቂኝ ስለ ሎሚ ብቻ ነው።»

ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። ከሐምሌ ጀምሮ ሃያ ስድስት ቦታ አመልክታ ነበር፤ ለማዕድን ኩባንያ፣ ለውኃ ሥራ፣ ለመንገድ ሥራ። አሥራ ዘጠኙ ጭራሽ አልመለሱላትም። ሌሎቹ ሁለት ሁለት መስመር ጽፈው ሸኟት። የእኛ መልስ የደረሳት በዚያው ሳምንት ነው። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ያለ ልምምድ አያስመርቅም።

«የእናንተ ደብዳቤ ግን ከሁሉም ጨዋ ነው» አለችኝ። «መጨረሻው ላይ ‹በርቺ› ይላል።»

«አለቃዬን ላናግርልሽ?»

«ተው፣ ዴስ። በአማላጅ መግባት አልፈልግም።» ዓሣውን በወረቀት ጠቀለለችና ሳትሰጠኝ ያዘችው። «አንድ ነገር ብቻ። በረዶውን አሳየኝ። አሥር ደቂቃ ይበቃኛል።»

በሚቀጥለው ሐሙስ አስገባኋት። አለቃዬ ዶክተር አኔከ ቦስፌልድ «ምንም እንዳትነካ» ብላ ፈቀደች። ማቀዝቀዣ ክፍላችን ከዜሮ በታች ሃያ ዲግሪ ነው። የሰጠኋት ካፖርት እጅጌው ጣቶቿን አልፎ ተንጠለጠለ። ከባዱን በር ስስበው ጉሙ እግራችን ሥር ተንደረደረ፤ ልጅቷ ደፉ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች።

እስከ ጣሪያ ድረስ መደርደሪያ ነው። በየመደርደሪያው ብርማ ቱቦ ላይ ብርማ ቱቦ፤ በየቱቦው ውስጥ አንድ ሜትር ዘመን አለ።

«ይሄ ሁሉ?» አለች። ጀልባዋ ላይ የምትጮኸው ልጅ ድምፅዋን ቤተ መቅደስ እንደገባ ሰው ዝቅ አደረገች።

«ይሄ ሁሉ። እዚያ ጥግ ያሉት፣ ግብፆች ፒራሚድ ሲያቆሙ የወረዱ ናቸው።»

በመደርደሪያዎቹ መሃል ቀስ እያለች ሄደች፤ እጆቿን ከኋላዋ አጣምራ፣ የትከሻዋ ጫፍ እንኳ እንዳይነካቸው እየተጠነቀቀች። በየቱቦው ላይ የተጻፈውን ጥልቀት እያነበበች ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። እኔ እነዚያን ቱቦዎች ስንት ሺህ ጊዜ ተሸክሜያቸዋለሁ! እሷን ሳይ ግን የገዛ ክፍሌ ሌላ ሰው ቤት መሰለኝ።

በዚያ ቀን ከመርከብ የወረዱ ሣጥኖችን እየፈታሁ ነበር። አንዱ ሣጥን መንገድ ላይ ተጋጭቶ ኖሮ፣ ውስጡ ያለው ዘንግ ለሁለት ተሰብሯል፤ የላይኛውን ጫፍ እንዲያመለክት የተሳለበት ቀስትም ተፍቆ ጠፍቷል። ቁርጥራጮቹን ጠረጴዛ ላይ አገጣጠምኩና ቀስቱን እንደገና ልስል እርሳስ አነሳሁ።

«ዴስ» አለች ከኋላዬ። «ገልብጠኸዋል።»

«ምኑን?»

«በረዶውን። ሥሩን ወደ ላይ አድርገኸዋል።»

«አንቺ ዓሣሽን አገላብጪ» አልኳት እየሳቅሁ።

እሷ ግን አልሳቀችም። እጇን ከካፖርቱ እጅጌ አውጥታ ሳትነካ አመለከተችኝ። በዘንጉ ጫፍ ዙሪያ ሦስት ትናንሽ ጭረቶች ነበሩ፤ በጥፍር የተቦጨቁ ይመስላሉ።

«ንክሻውን እየው። መሰርሰሪያው ዘንጉን ገንጥሎ ሲያወጣ ጥርሱን የሚተክለው ከሥሩ ነው። ንክሻው ያለበት ጫፍ ታች ነው። አባቴ ኩዊንስታውን ማዕድን ላይ ሠላሳ ዓመት ሰርስሯል። ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እሱ የሚያወጣውን የድንጋይ ዘንግ የምደረድረው እኔ ነኝ። አንዷን ከገለበጥኩ ሙሉውን ሣጥን አፍርሶ ‹ከመጀመሪያው› ይለኛል።»

እርሳሴን አስቀመጥኩ። ሄጄ ልጅቷ ያለችኝን ሁሉ ለአኔከ ነገርኩና ጠራኋት።

አኔከ ረጅም፣ ወሬ የማታበዛ ሴት ናት። ማጉያ መስተዋቷንና ቆፋሪዎቹ የጻፉትን መዝገብ ይዛ መጣች። ንክሻዎቹን አየች። ከላይና ከታች የሚዋሰኑትን ዘንጎች አስወጥታ፣ የተቆረጡበትን ፊት ከዚህኛው ጋር አንድ በአንድ አገጣጠመች። ከሦስታችን አፍ የሚወጣው እንፋሎት ብቻ ይንቀሳቀሳል። ቀና ስትል ቅንድቧ ላይ አመዳይ ይዞ ነበር።

«ልክ ናት» አለች። «በዚያች ሜትር ውስጥ ሠላሳ ዓመት አለ። እንዲሁ ቆርጠነው ቢሆን ዘመኑ ተገልብጦ ልጅ አባቱን ይወልድልን ነበር።» ከዚያ ወደ ሜሪን ዞረች። «አንቺ ማነሽ?»

«ሜሪን ትሪፊት። አመልክቼ ነበር፤ እርስዎ ‹በርቺ› ብለው መለሱልኝ።»

«አኔከ በይኝ፤ አንቱታው ይቅር።» ወጥተን ቢሮዋ ገባን። የሜሪንን ማመልከቻ ከኮምፒውተሯ ፈልጋ አወጣች፤ ጮክ ብላ አነበበችው። «‹ታታሪና በቡድን መሥራት የምወድ፣ ለአዲስ ዕውቀት ክፍት የሆንኩ ተማሪ ነኝ።› ይሄንን ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ አይደለሽም። ይሄንኑ ደብዳቤ መቶ ሠላሳ ጊዜ አንብቤዋለሁ። የአባትሽ ድንጋይ እዚህ ውስጥ የት አለ?»

ሜሪን ጆሮዋ ድረስ ቀላች። «አፍሬ ነው» አለች። «የጉልበት ሥራ ነው ብዬ። ሌሎቹ ውጭ አገር የሄዱበትን፣ የተሸለሙበትን ነው የሚጽፉት።»

አኔከ ማመልከቻውን ዘጋችው። «ስሚኝ፤ ቦታው ለሌላ ልጅ ተሰጥቷል፤ ከእሱ አልነጥቅም። ሁለተኛ ቦታ ይፈቀድልኝ ብዬ መጠየቅ ግን እችላለሁ። ይሳካል ብዬ ቃል አልገባልሽም። ነገ እስከ እኩለ ቀን አዲስ ደብዳቤ አምጪልኝ። ዛሬ ያየሁትን ሰው ጻፊልኝ።»

ሜሪን በማግስቱ ረፋዱ ላይ ይዛ መጣች፤ አንድ ገጽ ነው። አኔከ ለእኔም አስነበበችኝ። ስለ ኩዊንስታውን ዝናብ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ስለተደረደሩት የድንጋይ ሣጥኖች፣ እርጥብ ድንጋይ ላይ ጣቷን እያሳለፈች ቀለሙ ሲለወጥ ‹እዚህ ጋ ምን ሆኖ ነው?› ብላ አባቷን ስለጠየቀችበት ቀን ይናገራል። አባቷም ‹እኔ አወጣዋለሁ እንጂ አላነበውም፤ አንቺ ተምረሽ ንገሪኝ› ብሏት ነበር። ታታሪ ነኝ የሚል ቃል አንድም ቦታ የለበትም።

አሥራ ሦስት ቀን ጠበቅን። እኔ የራሴን ቤት ስገዛ እንኳ እንደዚያ አልተጨነቅሁም። በሁለተኛው ሐሙስ ጀልባዋ ጋ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳለ የሜሪን ስልክ ጠራ። በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ወትፋ ያዘችው።

«እሺ» አለች። «እሺ።» ከዚያ ደግሞ ቀስ ብላ፣ «እሺ።»

ስልኩን ዘግታ የድንች ከረጢት ላይ ቁጭ አለች። ዓሣው ይጨሳል። ከፊቴ የተሰለፈው ሰውዬ፣ «እመቤት፣ የእኔው ነው የሚያርረው» አላት።

«ይረር!» አለች። «ዴስ፣ ሰጡኝ! ሁለተኛ ቦታ ሰጡኝ!» ሰልፈኛው ነገሩ ምን እንደሆነ ሳያውቅ አጨበጨበ። እዚያው ሆና አባቷ ጋ ደወለች፤ ድምፁ ወፍራም ስለሆነ እኔም ሰማሁት።

«በረዶ ነው ያልሽኝ? ለበረዶ ደግሞ ሰው ይቀጥራሉ?» አለ። «አባዬ? አለህ?» ስትለው፣ አፍንጫውን ሲናፈጥ ሰማነው።

ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ፣ ትምህርት ተዘግቶ ቤተሰቧ ጋ ሰንብታ ነበርና፣ አባቷ ኮል ትሪፊት ልጁን ከነሻንጣዋና ከነፍራሿ በመኪናው ይዟት መጣ። አራት ሰዓት ሙሉ ነድቶ። እጆቹ እንደ አካፋ የሰፉ፣ በማያውቀው ቤት ቆሞ ባርኔጣውን የሚያሽከረክር ሰው ነው። በማግስቱ የመጀመሪያ ቀን ሥራዋ ሲያልቅ ሊሰናበታት መጣና አኔከ ግባ አለችው። ሜሪን በመጀመሪያ ቀኗ በመጋዝ ስትቆርጥ ከዋለችው ዘንግ የተረፈች፣ አውራ ጣት የምታህል ስባሪ ነበረች። አኔከ ብርጭቆ ውኃ አቀረበችና ለሜሪን ሰጠቻት።

«አንቺ ጨምሪው።»

በረዶዋ ውኃው ላይ ተንሳፈፈች። መጀመሪያ ምንም የለም። ቀጥሎ ጠሽ አለ። ጠሽ፤ ጠሽ ጠሽ፤ በምጣድ ላይ እንደሚፈነዳ የሰሊጥ ፍሬ፣ ግን ከዚያ የቀጠነ። ኮል አጎነበሰ።

«ምንድነው የሚፈነዳው?»

«አየር ነው፣ አባዬ» አለች ሜሪን፤ ዓይኗን ከብርጭቆው አልነቀለችም። «በረዶው ሲጠነክር ውስጡ ተዘግቶበት የቀረ አየር። ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ዓመቱ ነው። ክርስቶስ ሳይወለድ በፊት የነበረ። ከዚያ ወዲህ ማንም አልተነፈሰውም።»

ኮል ትንፋሹን ያዘ። ጆሮውን ብርጭቆው አፍ ላይ አደረገ፤ ልጁም በወዲያኛው በኩል ጆሮዋን አስጠጋች፤ ግንባራቸው ሊነካካ ትንሽ ቀረው። አኔከም እኔም አልተንቀሳቀስንም። ስባሪዋ እያነሰች፣ እያነሰች ሄዳ በመጨረሻ አንድ ጊዜ ጠሽ ብላ ጠፋች።

ኮል ቀና አለ። ዓይኑ እርጥብ ነበር፤ ሊደብቀውም አልሞከረም። ወደ እኔ ዞሮ፣ ሕፃን ልጅ በሚለምንበት ድምፅ፣

«ወንድሜ፣» አለኝ፣ «ሌላ ስባሪ አለህ?»